ድንበር ለሚሻገር ትንሽ አውሮፕላን የሬዲዮ ፈቃድ ያስፈልገዋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በግል አውሮፕላን ወደ ጎረቤት አገር የሚበሩ ሰዎች የሬዲዮ ፈቃድ መጠየቃቸው «ወረቀት ማብዛት ነው» የሚል የአንባቢ አስተያየት በገጻችሁ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እኔ ድሬዳዋ ተቀምጬ የአውሮፕላን ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጥያቄው የአገራችን ፈጠራ አይደለም። በ1944 እ.ኤ.አ. የተፈረመውና እኛም የተቀበልነው የቺካጎ ስምምነት (የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል) አንቀጽ 29 ሬዲዮ የተገጠመለት አውሮፕላን ድንበር ሲሻገር የጣቢያ ፈቃዱን፣ ማለትም የሬዲዮውን ፈቃድ፣ እንዲይዝ ያዛል። አንቀጽ 30 ደግሞ በሬዲዮው የሚነጋገረው ሰው አውሮፕላኑ ከተመዘገበበት አገር ልዩ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ወረቀቱ እንግዲህ ሁለት ነው፤ አንዱ የአውሮፕላኑ፣ ሌላው የሰውየው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ለሚበር የግል አውሮፕላን የጣቢያ ፈቃድ ግዴታ መሆኑ በ1996 እ.ኤ.አ. ቀርቷል፤ ከአገር ሲወጣ ግን ሁለቱንም መያዝ አለበት። የዚያ አገር የሰው ፈቃድ ያለ ፈተና እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ማሰራጫው የማን እንደሆነና ማን እንደሚናገርበት ይታወቃል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአየር ሬዲዮ እንደ ስልክ ሁለት ሰው ብቻ የሚያወራበት አይደለም። በአንድ ሞገድ ላይ ያለው ሁሉ ተራ ጠብቆ ነው የሚናገረው። ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። የማይክሮፎኑ ቁልፍ አቧራ ገብቶበት ተጭኖ ከቀረ ደግሞ ሞገዱ ይታፈናል፤ ተቆጣጣሪው «ከፍታህን ጠብቅ» ቢል የሚሰማው የለም። የኛ አገር አቧራ ለዚህ አያንስም፤ እንዲህ ያሉ ቁልፎችን ፈትቼ አጽድቻለሁ። በዚያ ላይ አውሮፕላን የሚነጋገርበት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ሞገዱ የሚጓዘው በቀጥታ ነው። በሽንሌና በአይሻ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው ኮረብታ ከጋረደው ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር ይቆራረጣል። ከዚያ በፊት ያለበትን ቦታ አሳጥሮ መናገር፣ ሞገድ መቀየር፣ ችግር ቢገጥመው በአደጋ ጊዜ ሞገዱ በ121.5 ሜጋኸርትዝ መጣራት ማወቅ አለበት።

አስተያየት ሰጪው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ፤ ማንም ለዚህ ሲል ሁለት መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናት የለበትም። ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚጠየቀውን ሁሉ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ጽፈው ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ዕቅድ በሚቀርብበት ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጥፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ