መቶ በመቶ ማለት እንከን የለሽ ማለት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ «አርኬን» ተከታታይ አኒሜሽን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኩት። የተደሰትኩት አኒሜሽን የልጆች ማባበያ ብቻ ተደርጎ በሚቆጠርበት አገራችን ጋዜጣችሁ ለዚህ ሥራ ሙሉ ገጽ በመስጠቱ ነው። ቅር ያሰኘኝ ደግሞ ጽሑፉ ለወጪው ሁለት አንቀጽ ሰጥቶ ሲያበቃ፣ የሐያስያኑን አስተያየት «ሁለቱም ምዕራፎች በሮተን ቶሜቶስ መቶ በመቶ አግኝተዋል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶ ማለፉ ነው። ሥዕል ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ጋዜጣውን ይዞ መጥቶ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ «ጋሼ፣ መቶ ከመቶ ካገኘ ምኑ ይተቻል?» ብሎ ስለጠየቀኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድኩ።

ያ ቁጥር የፈተና ውጤት አይደለም። ሮተን ቶሜቶስ የሐያስያንን ግምገማ የሚሰበስብ ድረ ገጽ ነው፤ የሚያደርገውም የእያንዳንዱን ሐያሲ ጽሑፍ «ወዶታል» ወይም «አልወደደውም» ብሎ መመደብና የወደዱት ከመቶ ስንት እንደሆኑ ማስላት ነው። ስለዚህ ሥራውን እየነቀፈ ሄዶ በመጨረሻ «ቢሆንም መታየት ይገባዋል» ያለ ሰውና በአድናቆት ቃል ያጠረው ሰው እኩል አንድ አንድ ድምፅ ሆነው ይቆጠራሉ። መቶ በመቶ የሚነግረን የጠላው አለመገኘቱን እንጂ እንዴት እንደተወደደ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በኔትፍሊክስ የቀረበው የመጀመሪያው ምዕራፍ ምስጋናው የሚገባው ነበር። ከቪዲዮ ጌም ተወስደው የተሠሩ ፊልሞች ለዓመታት ተመልካች ሲያሳዝኑ ኖረዋል፤ ራዮት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው፣ አርኬን የተመሠረተበት ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም ተጫዋቾች በቡድን ሆነው የሚፋለሙበት እንጂ ከዳር እስከ ዳር የሚተረክ ታሪክ ያለው ጌም ስላልሆነ ብዙ የጠበቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 በምርጥ የአኒሜሽን ፕሮግራም ዘርፍ የአሜሪካውን የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚን ሲያገኝ፣ በኢንተርኔት ከሚሠራጩ ተከታታዮች በዘርፉ የመጀመሪያው አሸናፊ ሆኗል።

ሐያስያኑን ያስገረመው ምን እንደሆነ ለተማሪዬ ለማስረዳት የሦስተኛውን ክፍል መጨረሻ ከፍቼ አሳየሁት። ትንሿ ፓውደር እህቷን ለማዳን ብላ የሠራችው ፈንጂ የገዛ ወገኖቿን ይፈጃል፤ እህቷ ቫይ በሐዘን ተቃጥላ ትመታትና «ገደቢስ» ትላታለች። በእንግሊዝኛ ጂንክስ ማለት ይኸው ነው፤ ልጅቷም ስድቡን ስሟ አድርጋ ታድግበታለች። የፓሪሱ ፎርቲሽ ስቱዲዮ በኮምፒውተር በተሠሩት ገጸ ባሕርያት ላይ የብሩሽ አሻራ እስኪታይ ድረስ ቀለም በእጅ ስለሚቀባ፣ እንባውና ጥላሸቱ በዚያች ሕፃን ፊት ላይ ሲቀላቀል በሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል ሲያለቅስ የምናይ ይመስለናል። ተማሪዬ ምስሉን አቁሞ ጉንጯን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የመጣው ሁለተኛው ምዕራፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከወደዱት ሐያስያን መካከል ሳይቀር በርካቶቹ ታሪኩ ተጣድፏል ብለው ጽፈዋል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። የሀብታሟ የላይኛው ከተማ የፒልቶቨር ልጅ የሆነችውና እናቷን ያጣችው ኬትሊን በድሃዋ የታችኛው ከተማ በዛውን ላይ መርዘኛ ጭስ ለቅቃ፣ በፒልቶቨር የጦር አዛዥነት ሥልጣን ከያዘች በኋላ፣ ያን ያህል በደል ስለሠራች ሴት ጸጸት በቂ ጊዜ ሳይሰጥ በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ወደ ቀድሞ ወዳጆቿ ትመለሳለች። ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ የሁለቱ ከተሞች ጠብ ነው። ያ ሁሉ ግፍና ቂም ከውጭ በመጣ ጦር ተሸፍኖ ቀርቶ፣ በስተመጨረሻ አንዲት የዛውን ሴት በምክር ቤቱ ወንበር ተቀምጣ ለቅጽበት በመታየቷ ብቻ የተፈታ ይመስላል። የዚያው ምዕራፍ ሰባተኛ ክፍል ግን፣ የፓውደር የልጅነት ጓደኛ ኤኮ ጦርነቱ ባልነካው ሌላ ዓለም ውስጥ ከእርሷ ጋር የሚደንስበት፣ በሁለቱም ምዕራፎች ካየሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። አንድ ሥራ በዘጠኝ ክፍሎች ውስጥ እንዲህ ከፍ ብሎ እንዲያ ሊቸኩል መቻሉን መቶ በመቶ የሚለው ቁጥር አይናገርም።

በዚህ ሙያ ሊሠማሩ የሚፈልጉ ወጣቶቻችን የሌላውን ሥራ ጥንካሬና ድክመት ለይተው ማየትን የሚማሩት ከሐያስያን ክርክር ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከነጥቡ ይልቅ ሁለት የተለያየ አቋም ያላቸውን ሐያስያን መርጣችሁ፣ የትኛውን ትዕይንት ለምን እንደወደዱና ለምን እንደነቀፉ ተርጉማችሁ እንድታቀርቡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የሥዕል መምህር
ከአዲስ አበባ