ሜሮን ሳትመዘገብ በፊት

ሰናይትዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

ይኸን ያህል ወር ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ በማለቴ አፍሬያለሁ። ይቅርታውን በአካል እጠይቅሻለሁ፤ አሁን የቸኮልኩት ለሜሮን ነው። ግል ዩኒቨርሲቲ ልታስገቢያት እንደሆነ ሰማሁ። አንቺ ደግሞ ነገር ከቆረጥሽ አትመለሺም፣ አውቅሻለሁ። እባክሽ ሳትከፍዪ ይቺን አንብቢልኝ።

የ12ኛ ክፍል ውጤቷ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ፍሬሽማን (አንደኛ ዓመት) ትገባለች። ካልሞላ መጀመሪያ ሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት ነው፤ የሬሜዲያል መቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ስለሚወሰን የአምናውን ይዘሽ እንዳትሄጂ። «ዝም ብላ ትጀምር፣ በኋላ እናስተካክላለን» የሚል ካጋጠመሽ ጥለሽው ውጪ። ማስረጃዋ ሲጣራ የገባችበት ነጥብም አብሮ ይታያል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን እውቅናው ነው። «ዩኒቨርሲቲው እውቅና አለው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በየካምፓሱ፣ በየትምህርት ክፍሉ፣ ለመደበኛውም ለርቀቱም ለየብቻው ነው፤ የሚያበቃበት ቀንም አለው። ዋናው ካምፓስ አካውንቲንግ ተፈቅዶለት ቅርንጫፉ ላይኖረው ይችላል። ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ወረቀት ስታዪ የካምፓሱን ስም፣ የትምህርት ክፍሉን ስምና ቀኑን አንብቢ። በ2017 ዓ.ም. የግል ተቋማት እንደ አዲስ ተመዝግበዋልና የቆየ ወረቀት አያሳምንሽ፤ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቂ። ያልተፈቀደ ፕሮግራም ላይ የባከነ አራት ዓመት፣ ሰናይት፣ በምንም አይመለስም።

ወረቀቶቿ ቀላል ናቸው፤ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ ከ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ውጤት፣ ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ። ኦሪጅናሉን ለማመሳከር አሳይታ ኮፒውን ትስጥ። ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት በስም ነው። የአያቷ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል 12ኛ ውጤቷ ላይ በአንድ መልክ፣ ፋይዳው ላይ በሌላ ከተጻፈ አሁኑኑ አስተካክሉ፤ አለዚያ ስህተቱ እስከ ዲግሪዋ ይከተላታል።

ክፍያውን በክሬዲት ነው ወይስ በሴሚስተር ብለሽ ጠይቂ፤ ብታቋርጥ የሚመለስ ካለም በጽሑፍ ይስጡሽ። ዕዳ ካለባት ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ ናት የሚል ወረቀት) አታገኝም፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ ቴምፖም (ጊዜያዊው የዲግሪ ማስረጃ) ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም የለም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ዲፓርትመንቱን ራሱን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። «ባለፈው ዙር ስንት አስፈትናችሁ ስንት አለፉ?» በያቸው። ቁጥሩን ለመናገር የሚያንገራግሩ ከሆነ እኔ ልጄን እዚያ አላስገባም።

ጠፍቼ ከርሜ በቤትሽ ጉዳይ መግባቴ ቅር ካሰኘሽ ተቆጪኝ፣ እችለዋለሁ። ብቻ ፈቃዱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና ማታ በስልክ አብረን እናንብበው። ሜሮንን ሳሚልኝ።

ያንቺው አልማዝ