ፔምባን «ያልተነካች» አትበሏት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ደሴት ጉዞ የሚወጣ ጽሑፍ አያመልጠኝም። አንድ ቃል ግን ሁሌ ይከነክነኛል፦ «ያልተነካ»። ትልልቅ ሆቴል ያልተሠራበት ቦታ ሁሉ ያልተነካ ይባላል። እኔም ወደ ፔምባ የሄድኩት ይህንኑ ቃል ይዤ ነው።

ፔምባ ከኡንጉጃ፣ ማለትም ከዛንዚባር ዋና ደሴት፣ በስተሰሜን ናት። አብዛኛው ቱሪስት ኡንጉጃ ላይ ይቀራል። ዓረቦች ፔምባን «አረንጓዴዋ ደሴት» ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ኮረብታው ሁሉ ዛፍ ለብሷል። ከቻኬ ቻኬ ከተማ ወጥቼ በዳላዳላ፣ በእነሱ ሚኒባስ፣ ተጠጋግተን ስንሄድ ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታ ነው። ቅርንፉድ! መንገዱ ዳር ምንጣፍ ላይ ተሰጥቷል። አንዲት እናት በእጃቸው ያገላብጡታል። ቆሜ ሳይ እፍኝ ሙሉ አንስተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ግማሹ ገና ቀላ ያለ እንቡጥ ነው፣ ግማሹ ጠቁሮ ደርቋል። አበባው ሳይፈነዳ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማል፤ ከዚያ ለቀናት ፀሐይ ይመታዋል። «ካራፉ» አሉኝ ስሙን። ከእኛው ቅርንፉድ ጋር ዘመድ ቃል መሆኑ ሲገባኝ ደስ አለኝ።

ጫካ የመሰለኝ አብዛኛው ሰው የተከለው ነው። የቅርንፉድ ዛፍ ወደዚያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን ተክል ሲያወድም የፔምባው በአብዛኛው ተረፈ። በዚያ ዘመን የተከሉትና የለቀሙት ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ዛንዚባር ውስጥ ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የእነዚያን ሰዎች እጅ እያሰብኩ «ያልተነካ» የሚለው ቃል አልወጣልህ አለኝ።

የዱር አራዊቱም ቢሆን ሰው አለበት። በሀገሬው ስም «ፖፖ» የሚባለው ትልቁ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ከፔምባ ሌላ የትም የለም። ክንፉ ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ኪዲኬ መንደር ቀን ላይ አየኋቸው። ተዘቅዝቀው፣ ሙቀቱ ሲበረታባቸው በክንፋቸው ራሳቸውን ያራግባሉ። ድሮ ለሥጋው እየታደነ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የዳነው የመንደሩ ሰው ማረፊያ ዛፎቹን ስለጠበቀለት ነው። ያስጎበኘኝ ልጅ እንዳይረበሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ቀን አንድ ሽማግሌ «ማምቦ» አልኳቸው። የእኩያ ሰላምታ ነው ለካ! ያረፍኩበት ቤት ልጅ ቀስ ብላ አረመችኝ፤ ለታላቅ «ሺካሞ» ይባላል፣ «እግርዎን ይዣለሁ» እንደማለት። እሳቸው «ማራሃባ» ብለው ይመልሳሉ። ጉልበት ስሜ ያደግኩ ሰው ይህን ቀድሜ አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል። በማግስቱ ተመልሼ በደንቡ ሰላም አልኳቸው፤ አጠገባቸው ቁጭ በል አሉኝ።

ስለዚህ ውድ አዘጋጆች፣ ስለ እንዲህ ያለ ቦታ ስትጽፉ ከባሕሩ ዳርቻ ፎቶ ጎን ለሰዎቹም ቦታ ስጡ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ መንደር ሲገባ ትከሻና ጉልበት መሸፈን እንዳለበት ንገሩን። ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባም እንዲሁ። «ሺካሞ» የምትለዋን ቃል ደግሞ እባካችሁ ከጽሑፉ መግቢያ ላይ አድርጉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ