የቅዳሜው የሳሳያማ ጉዞ፦ እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ኦሳካ አቅራቢያ ወዳለችው የገጠር ከተማ ታምባ ሳሳያማ ሄደን ገበሬ ቤት አንድ ሌሊት እናድራለን። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ ስማችሁን ጻፉ፤ ቤተሰቦቹ ፉቶን (መሬት ላይ የሚነጠፍ የጃፓን ፍራሽ) የሚያዘጋጁት በሰው ልክ ነው።

መገናኛችን ኦሳካ ጣቢያ፣ በጃፓን ሰዓት ጠዋት 8:00። በጄአር ባቡር እስከ ሳሳያማጉቺ ጣቢያ የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፤ ሁሉም በራሱ ኢኮካ (የባቡር መክፈያ ካርድ) ይከፍላል። የምንሠራው የጥቁር አኩሪ አተር እሸት ለቀማ ነው። እሸቱ የሚደርሰው በኦክቶበር፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ ቀኑን ማዛወር አይቻልም።

ቢቆሽሽ የማያሳስብ ልብስ፣ ንጹሕ ካልሲና የመኖሪያ ካርዳችሁን ያዙ። ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ ነውር ነው፤ የአገር ቤት ቡና ያላችሁ አምጡ፣ ጀበናውን እኔ እይዛለሁ።

አደራ የምላችሁ መታጠቢያውን ነው። መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ በሳሙና ታጥባችሁ፣ በደንብ ተለቃልቃችሁ ነው የምትገቡት። ስትወጡ ውኃውን እንዳታፈሱት! ቤተሰቡ በሙሉ ተራ በተራ የሚገባው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

አሳማ የማትበሉ ወይም አለርጂ ያለባችሁ ከስማችሁ ጋር ጻፉልኝ። ሚሶ (የተብላላ አኩሪ አተር) ሾርባም አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ መረቅ አለው። እሁድ አመሻሽ ላይ ኦሳካ እንመለሳለን።