የቴአትርና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ግደል» ያለው ማን ነው?

የትምህርት ቤታችን የቴአትርና ሥነ ጽሑፍ ክበብ ዘንድሮ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ባለፉት ዓመታት ለሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ለወላጆች ቀን፣ ለሌላም ቀን እየተባለ ጥድፊያ የበዛባቸውን አጫጭር ጭውውቶች ስናቀርብ ከርመን፣ ሰኔ ላይ ዘገባ ጻፉ ስንባል ምን እንደሠራን ለራሳችንም አይታወሰንም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ አንድ ሙሉ ትራጀዲ ይዘን ዓመቱን እንድንዘልቅ ሐሳብ አቀረብሁ፤ የተመረጠውም የዊልያም ሼክስፒር «ማክቤዝ» ሆነ። «ተመረጠ» ማለቴ ለወጉ ነው፤ ተማሪዎቹ የሚያስቅ ነገር ይፈልጉ ነበር፣ ያስገደድኋቸው እኔ ነኝ። ስለ አምባገነን መሪ የሚናገር ተውኔት በዚህ ዓይነት መጀመሩን ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሲያነሡብኝ ኖረዋል።

«ማክቤዝ» እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ እንደተጻፈ የሚገመት፣ ከደራሲው ትራጀዲዎች ሁሉ በርዝመቱ አነስተኛው ተውኔት ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሰውት ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍት እየተሰበሰብን የእሳቸውን ትርጉም ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብን። የጸጋዬ አማርኛ ጉልበት ይጠይቃል፤ ስንኙን ሳይጨርሱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ልጆች ነበሩ፣ ይሁን እንጂ በልብ ሲነበብ የተሰወረው ነገር በአፍ ሲነገር ይገለጥ እንደነበር ሁሉም ታዝበዋል። ለመድረክ ግን ከአንድ ሰዓት ብዙ የማያልፍ የዝርው ቅጂ ራሳችን አዘጋጀን።

ክርክሩ የተነሣው ገና ከመነሻው ነው። ማክቤዝና የጦር ጓደኛው ባንኮ ከድል ሲመለሱ ምድረ በዳ ላይ ሦስት ሟርተኞች ያገኟቸውና ማክቤዝን የካውዶር ባላባት እንደሚሆን፣ ኋላም እንደሚነግሥ ይነግሩታል፤ ባንኮንም ራሱ ባይነግሥ የነገሥታት አባት እንደሚሆን ይተነብዩለታል። ወዲያው ከስኮትላንድ ንጉሥ ከዱንካን የተላኩ ሰዎች ደርሰው የካውዶር ሹመት ለማክቤዝ እንደተሰጠ ያበሥራሉ፤ ማክቤዝም ኋላ ንጉሡን በቤቱ በእንግድነት በተኛበት ገድሎ ይነግሣል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ጥፋቱን ሁሉ ለሟርተኞቹ አሸከሙት። «መተት ተደርጎበት ነው» ያሉም ነበሩ፤ በየቤቱ ስለ መተት የሚወራውን ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም። የቀሩት ደግሞ ሚስቱን ከሰሱ፤ «እሷ ባትገፋፋው አያደርገውም ነበር» አሉ። ይህን ካሉት መካከል አንዲትም ሴት ልጅ እንዳልነበረች በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ስንሟገት ቆይተን ነገሩን የቆረጠችልን ለተዋናይነት ተፈትና ያላለፈች፣ ስለዚህም ጽሑፉን ይዛ የረሳውን እንድታስታውስ የተመደበች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከኋላ ወንበር ተነሥታ «ቲቸር፣ ባንኮም እኮ አብሮ ሰምቷል» አለችና ተቀመጠች።

በእርግጥም ሰምቷል። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው አፍ የሰማው ትንቢት ከማክቤዝ ድርሻ አያንስም። ባንኮ መልአክ አይደለም፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ክፉ ሐሳብ እንዳይጠጋው ሲለምን እናገኘዋለን፣ እጁን ግን አላነሣም። ከዚህ በኋላ ጽሑፉን እንደ አዲስ ስናገላብጥ ሟርተኞቹ «ትነግሣለህ» አሉ እንጂ አንድም ቦታ «ግደል» አለማለታቸውን አስተዋልን። ግድያ የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የሚመጣው ከማክቤዝ ከራሱ ልብ ነው፤ ያውም ሚስቱ ስለ ትንቢቱ ገና ምንም ሳትሰማ፣ ማክቤዝ ነገሩን የጻፈላት ደብዳቤ እጇ ሳይገባ። እሷ ያደረገችው አስቦ የፈራውን እንዲፈጽም መገፋፋት ነው፤ ቀላል ኃጢአት ነው ባንልም ሐሳቡ የእሷ አይደለም። ዘመድ፣ አሽከርና አስተናጋጅ ሆኖ ንጉሡን መግደል እንደማይገባው ማክቤዝ ራሱ አንድ በአንድ ቆጥሮ ያውቀዋል፤ በሌላው ወገን ያለው ምክንያት፣ በራሱ አንደበት፣ በኃይል ዘሎ ኮርቻውን ስቶ በወዲያ በኩል የሚወድቅ የሥልጣን ጥም ብቻ ነው።

ማክቤዝን የተጫወተው የ12ኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ላይ የጠየቀኝን ጥያቄ በቀላሉ አልመለስሁለትም። እናንተ መምህራን በየቀኑ በሰልፍ ላይ «ትልቅ ደረጃ ድረሱ» ትሉናላችሁ፣ ማክቤዝስ ትልቅ ደረጃ ለመድረስ አይደለም ወይ የተመኘው፣ የት ላይ ነው ያጠፋው አለኝ። ከብዙ ንግግር በኋላ መልሱን ያገኘው ራሱ ነው፤ የተመኘው ቦታ ሰው ያለበት ቦታ ነበር አለ፣ ሰውየውም ቤቱ ተኝቷል።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ክበቡን ይዤ ወደ ፋሲል ግቢ ሄድሁ፤ የኮርቻውን መነባንብ የኮርቻ ቅርጽ ባለው በአዲያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ሥር እንድንለማመደው ፈልጌ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጎንደር ላይ ስለ ዙፋንና ስለ ክህደት ለመማር ስኮትላንድ ድረስ መሄድ አያሻም። ኢያሱ እ.ኤ.አ. ከ1682 ጀምረው ነግሠው፣ በ1706 በጣና ደሴት ሳሉ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በእናቱ በመለኮታዊት ደጋፊነት ዙፋኑን ያዘ፤ አባትየውም ብዙ ሳይቆዩ ተገደሉ። ልጁ «ርጉም» የሚል ቅጽል አትርፎ፣ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነግሦ፣ በ1708 አደን ላይ ሳለ በአባቱ ወዳጆች እጅ ወደቀ፤ በኋላ የነገሡት የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስም በወንድማቸው ደም እጃቸው ያለበትን፣ መለኮታዊትን ጨምሮ፣ በሞት ቀጡ። ተማሪዎቹ ወዲያው ለተክለ ሃይማኖት «የጎንደር ማክቤዝ» የሚል ስም አወጡለት። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው፣ ነገሥታትን ያነግሡና ያወርዱ የነበሩትን ራስ ሚካኤል ስሑልን በቅርብ ያየው ተጓዡ ጄምስ ብሩስ የስኮትላንድ ሰው እንደነበር ስነግራቸውማ ደስታቸው ወሰን አጣ።

ደስታቸውን ትንሽ ማቀዝቀዝ ነበረብኝ። በታሪክ የሚታወቀው ማክቤዝ ዱንካንን የገደለው እ.ኤ.አ. በ1040 በጦር ሜዳ ነው እንጂ እንግዳ አድርጎ ተቀብሎ በተኛበት አይደለም፤ ዱንካንም ያን ጊዜ ሽማግሌ አልነበረም፤ ማክቤዝ ከዚያ በኋላ እስከ 1057 ድረስ 17 ዓመት ነግሧል። ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ታሪክ ጸሐፊ ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ሲሆን፣ ተውኔቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1603 ከስኮትላንድ መጥቶ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ በተቀመጠው በንጉሥ ጄምስ ዘመን ነው፤ ይህ ንጉሥ ደግሞ የባንኮ ዘር እንደሆነ ይነገር ነበር። ባንኮ በመድረክ ላይ ንጹሕ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የ9ኛ ክፍሏ ተማሪ በዚህ ክፉኛ ተከፋች። እኔ ግን ተውኔቱንም የነገሥታቱን ዜና መዋዕልም ስታነብ ማን ተቀምጦ ሲሰማ እንደተጻፈ መጠየቅ ከዚህ ቀን ጀምሮ ልማዷ እንደሆነ አይቻለሁ።

የክህደቱን ክፍል ለማስረዳት ብዙ አልተቸገርሁም። ዱንካን የከዳውን የቀድሞውን የካውዶር ባላባት አስገድሎ፣ የሰውን ልብ ከፊቱ ማንበብ የሚቻልበት ጥበብ እንደሌለ ተናግሮ አፉን ሳይዘጋ፣ የከዳተኛውን ሹመት የወረሰው ማክቤዝ ይገባል። እዚህ ላይ አንዱ ልጅ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ሁሉንም አሳቀ፤ ተረቱ ስለ መብላት እንጂ ስለ መግደል አለመሆኑን ባስረዳም ሳቁ አልቆመልኝም። የንጉሡን በእንግድነት መገደል ግን ማንም አልሳቀበትም። በአገራችን እንግዳ ሲገባ የሚደረገውን ስለሚያውቁ፣ እመቤት ማክቤዝ ዱንካንን ስትቀበል ማስታጠቢያ ይዛ በእጁ ላይ ውኃ እንድታፈስለት የሚል ትዕይንት ራሳቸው ጨመሩ። ከግድያው በኋላ ጥቂት ውኃ ደሙን እንደሚያነጻው ለባሏ ስትነግረው የምትይዘውም ያንኑ ማስታጠቢያ ሆነ።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የሠርግ ወራት ስለነበረ ልምምዳችን ተቆራረጠ። እመቤት ማክቤዝን የምትጫወተው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከእኅቷ ሠርግ በኋላ ስትመጣ እጇን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ነበር። «ቲቸር፣ እንሶስላ ሞቄ ነው፤ እስከ ግንቦት ይለቃል» አለችኝ። እንድታሳየኝ ስጠይቃት ሁለት እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ በመሐል ደብዘዝ ብሎ ወደ ጣቶቿ ጫፍ እየደመቀ የሄደ፣ ጥፍሮቿ ደግሞ የደረቀ ደም የመሰሉ ቀይ ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የቀይ ሥር ውኃ እንቀባለን፣ ቀይ ቀለም እንገዛለን ስንል ነበር። ያን ቀን በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድበትን ትዕይንት ባዶውን ማስታጠቢያ አስቀምጠን፣ ጧፍ አስይዘን አስጀመርናት። ጧፉን መሬት ላይ አቁማ፣ ምንም ውኃ በሌለበት እጇን ማሸት ስትጀምር አዳራሹ ውስጥ ይንሾካሾኩ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። በተውኔቱ ውስጥ ደንገጡሯ እመቤቲቱ ለሩብ ሰዓት ያህል እንደዚህ ስትታጠብ እንዳየቻት ለሐኪሙ ትነግረዋለች፤ እኛ ለሁለት ደቂቃ ያህል ምንም ቃል ሳይነገር እንዲቆይ ወሰንን። ብዙ የመድረክ ንግግር ያጻፍኋት ልጅ በዚህች ዝምታ ያሳየችውን ያህል በንግግሩ አላሳየችም።

አምባገነኑ የወደቀው የት ላይ ነው በሚለው ከተማሪዎቹ ጋር እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። ሟርተኞቹ ኋላ የበርናም ደን ካልተንቀሳቀሰ አትሸነፍም፣ ከሴት የተወለደም አይጎዳህም ብለውት ስለነበር፣ እነሱ ወታደሮች ቅርንጫፍ ተሸክመው ደኑ ወደ ማክቤዝ ምሽግ ወደ ዳንሲኔን ሲንቀሳቀስና፣ ከእናቱ ማኅፀን ተቀድዶ የወጣው ባላባቱ ማክደፍ ሰይፉን ሲመዝዝ ነው ይላሉ። እኔ ግብሩ ላይ ነው ባይ ነኝ። ማክቤዝ መኳንንቱን «ማዕረጋችሁን ታውቃላችሁ፣ ተቀመጡ» ብሎ ግብሩን ይከፍታል፤ ያስገደለው ባንኮ ግን መንፈሱ መጥቶ በንጉሡ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ከእሱ በቀር የሚያየው የለም። በመጨረሻ መኳንንቱ በማዕረግ መውጣቱ ቀርቶ እንደተገኘ ይበተናሉ። በየመኳንንቱ ቤት ደሞዝ የሚከፈለው ሰላይ ማኖሩን የሚናገረው በዚሁ ሌሊት ነው። የሚሰማ ጆሮ በየቤቱ አስቀምጦ በገበታው ዙሪያ አንድ ሰው ያጣ ንጉሥ ከዚህ ወዲያ የሚወድቅበት ቦታ አይታየኝም፤ የቀረው ጦርነት ብቻ ነው።

ማክደፍ ሚስቱና ልጆቹ በማክቤዝ ሰዎች መገደላቸውን የሚሰማበት ቦታ ላይ ተማሪዎቹ ደረት እየተመታ ሙሾ እንዲወጣ ፈለጉ። እምቢ አልሁ። ልጁ ጋቢውን ግንባሩ ድረስ ስቦ «ሁሉንም?» ብቻ እንዲል አደረግን፤ ቆይቶ ደግሞ «ሁሉንም አልህ?»።

ትርኢቱ የቀረበው በግንቦት ወር በወላጆች ቀን ነው። አልባሳቱ ከየቤቱ የተለቃቀመ በመሆኑ የስኮትላንድ መኳንንት በጋቢና በበርኖስ ወጡ፤ ማንም አልተቃወመም። የበርናም ደን የሆነው ከትምህርት ቤቱ ጓሮ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስለነበር አዳራሹ እንደ ጉንፋን መታጠኛ ሸተተ። ከዚህ የባሰው፣ ደኑ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ለማክቤዝ ሮጦ የሚነግረው መልእክተኛ በጓሮ በር ተቆልፎበት ስለነበር፣ ደኑ ከመልእክተኛው ቀድሞ ደረሰ። ማክቤዝ ቅርንጫፎቹን ዓይኑ እያየ ቆመ። መልእክተኛው በመጨረሻ እያለከለከ ገብቶ ሁሉም ያየውን ዜና ሲያበሥር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የበደሉ ክብደት በሳቅ ተበተነ ብዬ ተናድጄ ነበር፤ ማክቤዝ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ «ዘገየህ» አለው። ይህ ቃል በእኛም ቅጂ በሼክስፒርም የለም፤ ለሚቀጥለው ዓመት እናቆየው ወይስ እናውጣው በሚለው ላይ ክበቡ ገና አልወሰነም።

እመቤት ማክቤዝ ለትርኢቱ ሲባል እንሶስላውን ከሦስት ቀን በፊት እንደገና ሞቃው ነበር። በሰኔ ፈተና ላይ ክፍላቸውን የፈተንሁት እኔ ስለሆንሁ፣ የሒሳብ ወረቀቷን ስትሞላ ጣቶቿን አየኋቸው፤ መዳፏ ነጽቶ ጥፍሯ ላይ ቀይ ቀርቷል፣ ከሥሩ ግን አዲስ ጥፍር ነጭ ሆኖ መብቀል ጀምሯል።