ጥርስ ስለተበላ ቴስታታ አይጣልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አሮጌ መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ደስ ይላል። «የመለዋወጫ እጥረት» ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ግን ግማሹ የእጥረት ሳይሆን የአሠራር ችግር ነው። እኔ ቮልስ ነው የምነዳው። የቮልስ ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ አልሙኒየም ነው፣ ለስላሳ። እዚያ ላይ የሚታሰረው፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ደግሞ ብረት። ሞተሩ ሳይበርድ ካንዴላ የሚፈታ፣ ሲመልስ ደግሞ በጣቱ ሳያስጀምር ከመጀመሪያው ዙር በመፍቻ የሚታገል ሰው እጅ ላይ ከወደቀ የካንዴላው ቀዳዳ ጥርስ (ካንዴላው የሚታሰርበት ጠመዝማዛ) እንዴት ብሎ ይተርፋል? 30 ኒውተን ሜትር ገደማ የሚበቃውን በሙሉ ጉልበት ያጠብቁታል። ኧረ በቃ ብትል ማን ሊሰማህ።

የሚያናድደው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንዱ ቴፍሎን ይጠቀልልበታል፣ ሌላው ማጣበቂያ ይቀባዋል፣ ሦስተኛው «ቴስታታው አብቅቶለታል፣ ሌላ ፈልግ» ይልሃል። አላበቃለትም! የተበላው ቀዳዳ በልኩ ይሰፋል፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ከዚያ እንደ ሞላ የተጠቀለለ የማይዝግ ሽቦ፣ ሄሊኮይል የሚባለው፣ ይገባበታል፤ የድሮው ካንዴላ እዚያው በልኩ ይገጥማል። በደንብ ከተሠራ ከአልሙኒየሙ ጥርስ ይጠነክራል። ራሱ የቮልስዋገን ፋብሪካም በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ቴስታታውን የሚይዙት ረጃጅም ቡሎኖች ከማግኒዚየም የተሠራውን የሞተሩን አካል ጥርስ እየነቀሉ ቢያስቸግሩት ቀዳዳዎቹ ውስጥ የብረት ቡሽ መትከል ጀምሯል። ስለዚህ የጥገና ማጭበርበር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቴስታታው ሳይወርድ የሚሠራ ከሆነ ጥርስ ማውጫው ላይ ግሪስ ይቀባ፣ ብናኙን ይዞ እንዲወጣ። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ብናኝ ከካንዴላው የባሰ ጣጣ ነው። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ከሆነ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ቢሄድ ይሻላል፣ ዋጋው ከፍ ቢልም።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ ቀድሞ መጠንቀቅ ይቀላል። ቮልስ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ያሉት ካንዴላዎች ለእጅ አይመቹም፤ ጫፋቸው ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ሰክቶ በቱቦው ማዞር ነው። ጠማማ ከገባ ቱቦው ራሱ ይሾልካል፣ ጥርሱን አይጎዳም።

መለዋወጫ አስመጪዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ለ14 ሚሊ ካንዴላ የሚሆን ባለ 1.25 ጥርስ ሄሊኮይል ከነመሣሪያው አስገቡልን። ጋራዦችም ተዋጥታችሁ አንድ ብትገዙ ለሰፈሩ ቮልስ ሁሉ ይበቃል።

አንድ የቮልስ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ