ሰፊ ሞኒተር ለመግዛት ላሰባችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ በአቅም ልክ ሰፊ ሞኒተር ስለመምረጥ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ከለገሀርና ከሜክሲኮ ዙሪያ ካሉ ቢሮዎች ወደ ሱቃችን የምትመጡ ብዙዎቻችሁ ገና ከበር «ትልቁ ስንት ኢንች አላችሁ?» ትሉናላችሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደከበደ እናንተም እኛም እናውቀዋለን። አንዴ የተገዛ ሞኒተር ደግሞ ለዓመታት ከፊታችሁ አይነሳም። ስለዚህ ከኢንቹ በፊት የፒክስሉን፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩትን ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት እንድትጠይቁን አደራ እንላለን።

ምክንያቱን በሒሳብ ሥራ እናሳያችሁ። አንድ ባለ 24 እና አንድ ባለ 32 ኢንች ሞኒተር ሁለቱም 1920 በ1080 (ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ፒክስል) ናቸው እንበል። ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለውን የበጀት ዓመት በኤክሴል ብትከፍቱት ሠንጠረዡ በሁለቱም ላይ እዚያው ወር ላይ ይቆረጣል። ትልቁ አንድም ዓምድ አይጨምርላችሁም። በአንድ ኢንች ውስጥ በ24ቱ 92 ያህል ፒክስል ሲኖር በ32ቱ 69 ብቻ ስለሚሆን ፊደሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም። ጠረጴዛው ላይ ተጠግቶ ለሚሠራ ሰው «ሲ» እና «ሴ» የሚለዩባት ትንሿ ቅጥያ ጥርስ ጥርስ እያለች ትታያለች፤ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ለሚጽፍ ዓይን ይህ ከባድ ድካም ነው። 32 ኢንች የግድ ካስፈለጋችሁ 2560 በ1440 የሆነውን ውሰዱ። የፊደሉ ጥራት ከ24ቱ ጋር እኩል ሆኖ የሥራ ቦታችሁ በ78 በመቶ ይሰፋል።

ወደ ጎን በጣም የተዘረጉት፣ 21 በ9 (የወርዳቸውና የቁመታቸው ንጽጽር) የሚባሉት፣ ሲያዩዋቸው ያማልላሉ። ነገር ግን ባለ 29 ኢንቹ ቁመቱ ከተራ 23 ኢንች ሞኒተር አይበልጥም፤ ባለ 34ቱም ከ27 ኢንች ጋር እኩል ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ረጅም ሠንጠረዥ ለሚዘረጋ ጥሩ ናቸው። ውል ለሚያረቅና ፕላን ለሚስል ግን ቁመት ይበልጥበታል። 34 ኢንች ስትገዙ 2560 በ1080 የሆነውን ርካሽ ዓይነት እንድትወስዱ አንመክርም፤ 3440 በ1440 ካልሆነ ይቅርባችሁ።

የእኛ ምርጫ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ለአብዛኛው ቢሮ 27 ኢንች፣ 2560 በ1440፣ ፓነሉ አይፒኤስ (ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት) የሆነ ነው። በጀቱ እዚያ ካልደረሰ ሁለት ባለ 24 ኢንች ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል። ሁለቱ አንድ ላይ ከ106 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚይዙ ጠረጴዛችሁን አስቀድማችሁ ለኩ። ለቢሮ ሥራ ምስሉ በሰከንድ 60 ወይም 75 ጊዜ የሚታደስ ይበቃል፤ ለ144 እና ለ165 የሚጨመረው ገንዘብ የጌም ተጫዋቾች ጉዳይ ነው።

«ቴሌቪዥን ይረክሳል፣ እሱን ብሰካውስ?» የምትሉም አላችሁ። ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች 1366 በ768 ናቸው፤ ያም ከ24 ኢንች ሞኒተር ያነሰ ቦታ ማለት ነው። ፊልም ከሩቅ ሲያዩባቸው ያምራሉ፣ ከቅርብ ጽሑፍ ሲያነቡባቸው ግን ይፈትናሉ።

ሌላው ትልቁ ነገር ላፕቶፓችሁ ነው። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች በኤችዲኤምአይ (የሞኒተር ገመድ በሚሰካበት ቀዳዳ) ከ1920 በ1200 በላይ አያወጡም። ሌሎቹ ደግሞ ፎርኬ (3840 በ2160) ቢያወጡም በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሚያድሱ ማውሱ እየተጎተተ ይሄዳል። የቆዩ የሒሳብ ሶፍትዌሮችም ፎርኬ ላይ ወይ ጽሑፋቸው ያንሳል፣ ወይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ ላፕቶፓችሁን ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ኑ፤ እዚሁ ሰክተን፣ የራሳችሁን ፋይል ከፍተን እንየው።

ያገለገለ ለመግዛት ለምታስቡ፣ ከእኛም ሆነ ከሌላ ሱቅ ብትወስዱ፣ ከተለመደው ትንሽ ቁመት ከሚጨምሩት 16 በ10 ሞኒተሮች ብትጀምሩ ደስ ይለናል። ለምሳሌ የዴል ዩ2412ኤም 24 ኢንች ሆኖ 1920 በ1200 ነው፤ ቁመቱ ከ1920 በ1080ው በ120 ፒክስል ስለሚበልጥ ለሰነድ ሥራ እጅግ ይመቻል። ስትፈትሹ ስክሪኑን መጀመሪያ ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር አድርጉት። ነጩ ላይ ቢጫ ጥላ ወይም የማትጠፋ ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ ከጥጉ የሚፈስ ብርሃን ታያላችሁ። ጥቁሩን የምትፈትሹት መብራት አጥፍታችሁ ይሁን፤ ሻጩ አይከፋውም። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም አንብቡ። 220 ቮልት እንደሚቀበል (ለምሳሌ ከ100 እስከ 240 ቮልት) ካላለ እኛ አገር መብራት ላይ እንዳትሰኩት።

ከመምጣታችሁ በፊት የጠረጴዛችሁን ስፋትና ጥልቀት፣ የላፕቶፓችሁን ሞዴልና ልታወጡ የምትችሉትን ከፍተኛ ገንዘብ ጽፋችሁ ብትልኩልን በዚያ ልክ የሚሆነውን ለይተን እንጠብቃችኋለን። የሚስማማ ከሌለን የለንም እንላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሽያጭ ክፍል
ቸርችል ጎዳና፣ አዲስ አበባ